ለ ካቶ፦ ስሚዝ-ዶሪየን ትእዛዝ ጣሰ ወይስ ሠራዊቱን አዳነ?

መነሻ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ቤተሰቦች። ቤልጂየም ከገባሁ ዓመታት ቢቆጠሩም ሞንስ ወርጄ አላውቅም ነበር። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ባቡር ተሳፍሬ ሄድኩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ሳን ሳምፎሪያን የሚባል የወታደሮች መቃብር አለ። ያቋቋሙት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አገሩን ይዘው የነበሩት ጀርመኖች ስለሆኑ የሁለቱም ወገን ሟቾች፣ ከ500 የሚበልጡ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ አርፈዋል። ሁለት መቃብሮች ግን ፊት ለፊት ይተያያሉ። አንደኛው የጆን ፓር ነው። በብስክሌት ለቅኝት ወጥቶ ኦገስት 21 ቀን 1914 የቀረ ልጅ ነው፤ በምዕራቡ ግንባር የመጀመሪያው የእንግሊዝ ሟች ይባላል። ሌላው የጆርጅ ኤሊሰን ነው። ኖቬምበር 11 ቀን 1918፣ ተኩስ ሊቆም አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀረው የተገደለ፣ የመጨረሻው። ያ ሁሉ ሚሊዮን ሰው ያለቀበት ዘመን ከዳር እስከ ዳር በጥቂት እርምጃ ይሻገሩታል። እዚያ ቆሜ ብዙ ቆየሁ፤ ስመለስም ለዓመታት ሲከነክነኝ የነበረውን ጥያቄ እዚህ ላንሣው አልኩ።

ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። (ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እንግሊዝ ኦገስት 4 ጦርነት ባወጀች በሁለት ሳምንት ውስጥ በፊልድ ማርሻል ሰር ጆን ፍሬንች የሚመራ ጦር ባሕሩን አሻግራ ፈረንሳይ አስገባች። ኦገስት 23 ሞንስ ላይ፣ የጀልባ ቦዩን ዳር ይዞ ሳለ የጀርመኑ ጄኔራል የቮን ክሉክ 1ኛ ጦር ደረሰበት። ቀኑን ሙሉ ሲዋጋ ዋለና 1,600 ያህል ሰው አጣ። በቀኙ የነበረው የፈረንሳይ 5ኛ ጦር ወደ ኋላ መሳቡ ሲሰማ እሱም እንዲያፈገፍግ ታዘዘ። ከዚያ ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ፣ 320 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር፣ በነሐሴ የአውሮፓ ሐሩር።

ጦሩ ሁለት ኮር (ክፍለ ጦሮችን የያዘ ትልቅ ክፍል) ነበር፤ 1ኛው በሄግ፣ 2ኛው በሆራስ ስሚዝ-ዶሪየን የሚታዘዝ። የሞርማል ደን መካከላቸው ገብቶ አለያያቸው። ኦገስት 25 ማታ ስሚዝ-ዶሪየን በነጋታውም ማፈግፈጉን እንዲቀጥል ትእዛዝ ደረሰው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በርትሪ በምትባል መንደር የፈረሰኛው አዛዥ አለንቢ መጣና ጠላት አጠገባቸው መድረሱን፣ ጎህ ሳይቀድ ካልተነሡ መንገድ ላይ እንደሚይዛቸው ነገረው። የ3ኛ ክፍለ ጦር አዛዥ ሲጠየቅ፣ ወታደሮቹ ገና እየተንጠባጠቡ እየገቡ ስለሆነ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት እንደማይነሡ መለሰ። ስሚዝ-ዶሪየን እዚያው ቆሞ ለመዋጋት ቆረጠ። ለ ካቶ በምትባለው የፈረንሳይ ከተማ አካባቢ በዚያ ቀን 7,812 ሰውና 38 መድፍ ጠፋ። ኮሩ ግን ከሰዓት በኋላ ከጠላት ተላቅቆ ወጣ፤ ጀርመኖችም አልደረሱበትም።

የእኔ ሐሳብ ግልጽ ነው። ትእዛዙን ጥሷል፤ በመጣሱም ሠራዊቱን አድኗል። እግሩ እምቢ ያለውን ሰው የወረቀት ትእዛዝ አያራምደውም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ክሩ ስለረዘመ፣ ዘግይቶ ለሚገባ አንባቢ እንዲመች የተባለውን በየቁጥሩ እዚሁ አስከትዬ አስቀምጣለሁ።

መልስ 1። ከለንደን የሚጽፍ ወንድማችን አመስግኖ ከእኔ ጋር ተስማማ፤ ደግሞም እኔ የዘለልኩትን ነገር አነሣ። ከዘመቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተጠባባቂዎች ነበሩ፤ አገልግሎታቸውን ጨርሰው ከፋብሪካና ከፖስታ ቤት ሥራቸው በጥሪ የተሰበሰቡ። እግራቸው ከሰልፍ ከወጣ ዓመታት ሆኖታል፤ የተሰጣቸው ጫማ ደግሞ አዲስና ድርቅ ያለ ነው። የፈረንሳይ የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ላይ ተረከዛቸው ተልጦ፣ ካልሲው ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ይጓዙ ነበር። የሌሊቱን ውሳኔ ከዚህ ጫማ ለይቶ መመዘን አይቻልም ይላል። በዚህ ሐሳቡ ክሩን በሙሉ ቀድሞ መራው ማለት እችላለሁ።

መልስ 2። አንድ ተሳታፊ በትሕትና፣ እንግሊዝ ማለቴን ትቼ ብሪታንያ እንድል ጠየቀኝ። አየርላንዱም፣ ስኮትላንዱም፣ ዌልሱም እዚያ ወድቋል። ኒሚ በሚባለው የባቡር ድልድይ ላይ ከመትረየሱ አልነሣም ብሎ ደጋግሞ ቆስሎ የሞተው ሌተናንት ሞሪስ ዲስ የአየርላንድ ሰው ነበር። ከእሱ በኋላ መትረየሱን የያዘው ሲድኒ ጎድሊ ብቻውን ተኩሶ ጓዶቹን አሳለፈና ተማረከ፤ ሁለቱም ትልቁን የጀግንነት ሽልማት፣ የቪክቶሪያ መስቀልን፣ ተሸለሙ። እርማቱን ተቀብያለሁ፤ አፌ ግን በለመደው መሄዱ አይቀርም።

መልስ 3። እዚህ መድረክ ሁላችንም ሻለቃ እያልን የምናከብራቸው ጡረተኛ የመድፈኛ መኮንን ገቡ። ጣሰ የሚለውን ቃሌን አልወደዱትም። ስሚዝ-ዶሪየን ውሳኔውን ደብቆ አላደረገውም። ወዲያው ለጠቅላይ ሠፈሩ አስታወቀ፤ ንጋት 11 ሰዓት ገደማ የመጣው የፍሬንች መልስ ማፈግፈጉን አጥብቆ ቢሻም፣ አፈጻጸሙን ለእሱ የተወ ነበር። አዛዡ አውቆ ካልከለከለ ጥሰት የሚባል ነገር የለም አሉ። እኔም ደግሜ አነበብኩና ትክክል መሆናቸውን አመንኩ፤ ርእሱን ግን ክርክሩ የተነሣበት ስለሆነ አልቀየርኩትም።

ሻለቃ ግን በዚህ አላበቁም። ለ ካቶ ላይ መድፎቹ ከእግረኛው ጎን፣ ጠላት በዓይኑ በሚያያቸው ሜዳ ላይ መሰለፋቸውን ነቀፉ። እግረኛውን አይዞህ ለማለት የተደረገ ነው፤ ዋጋውም 38 መድፍ ሆነ። ከዚያ የ37ኛውን ባትሪ (የመድፍ ክፍል) ነገር ተረኩ። እግረኛው ሲለቅና መድፎቹ ሊማረኩ ሲሉ ካፒቴን ሬይኖልድስ ፈቃደኛ ጠይቆ፣ በስድስት ስድስት ፈረስ የሚጎተቱ ሁለት ቡድኖች ይዞ እየጋለበ ወደ እሳቱ ተመለሰ። የአንዱ ቡድን ፈረሶች ከመንገድ ቀሩ። ሌላው፣ ሉክና ድሬን የተባሉ ነጂዎች ያሉበት፣ መድፉን ጎትቶ ወጣ። ሻለቃ ራሳቸው በወጣትነታቸው መድፍ ጥለው የመጡበትን አንድ ሌሊት ጠቅሰው፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደተሰማቸው ሳይጽፉ መልሳቸውን ዘጉ። ማንም አልጠየቃቸውም፤ ያንን አክብሮት ወድጄዋለሁ።

መልስ 4። አንዲት የታሪክ መምህርት ስለ ፓር ጠየቀች። ድንጋዩ ላይ ዕድሜው 20 ተብሎ ተጽፎ ሳለ 17 ዓመቱ እንደነበር የሚነገረው እውነት ነው ወይ? አዎ፤ ለመቀጠር ዕድሜውን ጨምሮ ነው የተናገረው። ጦሩ ወዲያው ስላፈገፈገ አስከሬኑ ከጠላት መስመር ጀርባ ቀረ። እናቱ የልጇን ነገር እየጻፈች ብትጠይቅም ክፍሉ ምን እንደሆነ ሊነግራት አልቻለም። መምህርቷ ለዚህ ምላሼ ምንም አላለችም፤ በኋላ ግን ተመልሳለች።

መልስ 5። ቃናው እዚህ ላይ ተለወጠ። አንድ ተሳታፊ በቁጣ ለእንግሊዝ ወታደር ማልቀስ የእኛ ሥራ አይደለም አለ። ማስረጃ ብሎ ያመጣው ነገር ብዙዎቻችንን አስደነገጠ፤ እውነት ነውና። ኪንግስ ኦውን የሚባለው ሬጅመንት በ1868 ከናፒየር ጋር መጥቶ እሮጌ ሜዳ ላይ፣ ፊታውራሪ ገብርዬ በወደቁበት ቀን፣ ከኋላ በሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ የቴዎድሮስን ሰዎች ያጨደ ነው። የዚሁ ሬጅመንት 1ኛ ሻለቃ ጦር ለ ካቶ ላይ በኦገስት 26 ማለዳ ኦኩር አጠገብ ዳገት ላይ አርፎ ሳለ የጀርመን መትረየስ ድንገት ከፈተበት፤ አዛዡን ጨምሮ 400 ያህል ሰው በጥቂት ደቂቃ ወደቀ። ተሳታፊው ደም ደሙን ከፈለ ብሎ ጨረሰ።

መልስ 6። ሌላው ወዲያው መለሰለት። ለ ካቶ ላይ ከወደቁት ብዙዎቹ በ1868 አልተወለዱም ነበር። ደግሞም የሬጅመንት ስም ብቻ ይዞ መፍረድ ያሳስታል። መቅደላን የወጣው 33ኛው፣ ኋላ የዌሊንግተን መስፍን ሬጅመንት 1ኛ ሻለቃ የሆነው፣ በጦርነቱ ዘመን ህንድ ነበር፤ ሞንስ የተዋጋው 2ኛው ሻለቃ ሌላ የዘር ሐረግ ያለው ነው አለ።

መልስ 7 እና 8። የመልስ 5 ባለቤት ተመልሶ አገር የሌለው ሰው እንዲህ ይናገራል የሚል ስድብ ጨመረ። አወያዩ አንድ መስመር ጽፎ ቃሉን እንዲያነሣ ጠየቀው፤ አነሣም። የእኔን አቋም ልናገር፦ እሮጌን የሚረሳ ኢትዮጵያዊ የለም፤ መርሳትም የለበትም። ይሁን እንጂ ኦኩር ላይ የወደቀው የፖስታ ቤት ተቀጣሪ ገብርዬን አልገደለም።

መልስ 9። ሌላ ተሳታፊ ክሩን ወደ ጥያቄው መለሰው። ስሚዝ-ዶሪየን በ1879 ወጣት ሌተናንት ሆኖ ኢሳንድልዋና ላይ ነበር፤ ዙሉዎች የእንግሊዝን ሠፈር ጠራርገው ካጠፉበት ቀን ከተረፉት ጥቂት መኮንኖች አንዱ ነው። ተበታትኖ ሜዳ ላይ የተያዘ ጦር ምን እንደሚሆን በዓይኑ ያየ ሰው፣ በርትሪ ላይ ያን ሌሊት ወታደሮቹ በየመንገዱ ተዘርግተው ጎህ እንዲቀድባቸው ሊፈቅድ አይችልም ይላል። ግምት ነው፤ የሰውየውን ልብ ማን ያውቃል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ያንን የሌሊት ስብሰባ ሳስብ ኢሳንድልዋና ትዝ ይለኛል።

መልስ 10። ስለ ጠመንጃ የሚያውቅ አንድ ልጅ የእንግሊዞቹን ጠመንጃ፣ የሊ-ኢንፊልዱን፣ ነገር አነሣ። የእንግሊዝ ወታደር በደቂቃ 15 ጥይት አነጣጥሮ እንዲተኩስ ይሠለጥን ነበር፤ ጀርመኖችም መትረየስ መሰላቸው ይባላል አለ።

መልስ 11። ሻለቃ ተመልሰው ነገሩን አረጋጉት። ተኩሱ ፈጣን መሆኑ እውነት ነው። በመትረየስ ግን የሁለቱ ጦር ልዩነት ሰው እንደሚያወራው አልነበረም፤ እንግሊዞች ለአንድ ሻለቃ ሁለት መትረየስ ነበራቸው፣ የጀርመን ሬጅመንት ደግሞ ለሦስት ሻለቃ ስድስት። ጠላት መትረየስ መሰለው የሚለውን ወሬ አሸናፊ ሳይሆኑ ያፈገፈጉ ሰዎች ይወዱታል፤ ሕመም ያስታግሣልና፣ ብለዋል። ለ ካቶ ላይ የፈጀው በዋናው መድፉ መሆኑንም አስታወሱ።

መልስ 12 እና 13 ከርእስ ወጡ። አንደኛው የአያቱን ምንሽር፣ ሁለተኛው ዲሞትፎርን አንሥተው ስለ ጎራሽና ስለ ሰደፍ ብዙ ተጫወቱ። ቆንጆ ጨዋታ ነበር፤ ለብቻው ክር እንዲከፍቱለት ጠይቄያለሁ።

መልስ 14። አንዲት እህት ሞንስ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስና መላእክት ወርደው ጦሩን ከከበባ አወጡት የሚለውን ሰምታ እንደሆነ ጠየቀች።

መልስ 15። አንድ ዲያቆን፣ ይህ ታሪክ የመጣው አርተር ማከን የተባለ ጸሐፊ ሴፕቴምበር 29 ቀን 1914 በለንደን የማታ ጋዜጣ ካወጣው አጭር ልብ ወለድ መሆኑን አስረዳ። በጽሑፉ ውስጥ ጊዮርጊስን የሚጠራ ወታደርና የጥንት ቀስተኞች ነበሩ። ሰዉ እውነት አደረገው፤ ደራሲው ራሱ ፈጥሬው ነው ቢልም የሚሰማው አጣ።

መልስ 16። አንድ አባት ይህንን ከአድዋ ጋር እንዳናመሳስል በጠንካራ ቃል አሳሰቡ። የአድዋው የጊዮርጊስ ታቦት ከዘማቹ ጋር የወጣ፣ ሕዝብ የተከተለው ነው፤ የጋዜጣ ጽሑፍ አይደለም። ዲያቆኑ ይህን ለማለት አልፈለግሁም ብሎ ይቅርታ ጠየቃቸው። እኔ የምጨምረው፣ አራት ሌሊት ሳይተኙ የሄዱ ሰዎች በመንገዱ ዳር የሌለ ነገር ያዩ እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል። ያንን አይቻለሁ ያለውን ወታደር ውሸታም ለማለት አልደፍርም።

መልስ 17። አንዱ ቀኖቹን ወደ እኛ አቆጣጠር መለሰልን። ሞንስ አጠገብ ካስቶ ላይ የ4ኛው ድራጉን ጋርድ (የፈረሰኛ ክፍል) ኮርፖራል ኤድዋርድ ቶማስ የመጀመሪያዋን ጥይት የተኮሰው ኦገስት 22 ነው፤ ነሐሴ 16 ቀን 1906፣ ፍልሰታ። ምኒልክ ባረፉበት ዓመት። ለ ካቶ ነሐሴ 20 ነው። ጦሩ ከማርን ጦርነት በኋላ ጀርመኖችን ወደ ኤን ወንዝ ሲከተል ደግሞ እኛ እንቁጣጣሽ ብለናል።

መልስ 18። በዚህ ላይ ጠንካራ እርማት መጣ። የመጀመሪያዋን ጥይት ስንል አውሮፓን ብቻ እያየን ነው፤ ከዚያ ቀደም ብሎ በዚያው ኦገስት የጎልድ ኮስት (የዛሬዋ ጋና) ሬጅመንት ወታደር አልሃጂ ግሩንሺ ቶጎ ውስጥ ተኩሷል፤ ለእንግሊዝ ጦር በዚያ ጦርነት የመጀመሪያ ተኳሽ የሚባለው አፍሪካዊው ነው። አክሎም፣ በኖቬምበር መጀመሪያ በዛሬዋ ታንዛኒያ ታንጋ ላይ ወደ 8,000 የሚጠጋ የእንግሊዝና የህንድ ጦር በጀርመኑ አዛዥ በሌቶ-ፎርቤክ እጅግ አነስተኛ ጦር፣ በአብዛኛው አስካሪ (ለጀርመን የሚዋጋ አፍሪካዊ ወታደር) በሆነው፣ ተመትቶ ወደ መርከቡ መመለሱን አስታወሰን። ንቦቹም ሁለቱንም ወገን መናደፋቸውን አልረሳም። ከዚህ ክር ከተማርኩት ትልቁ ይህ ነው።

መልስ 19። ከፓሪስ የሚጽፍ አንድ ሰው እኔን በቀጥታ ወቀሰኝ። ያ ማፈግፈግ የእንግሊዝ ብቻ አስመስለህ ጻፍከው፤ ኦገስት 22 አንድ ቀን ብቻ 27,000 ያህል ፈረንሳዊ ሞቷል፣ ይህም ለ ካቶ ላይ ሞቶም ቆስሎም ተማርኮም ከጠፋው ሰው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው አለኝ። ለ ካቶ ላይም በግራ የሶርዴ ፈረሰኞችና የዳማድ ተጠባባቂዎች ባይኖሩ ኮሩ በጎኑ ይታጠፍ ነበር። ኦገስት 29 ጊዝ ላይ ዞሮ ጀርመኖችን የመታው ላንረዛክም የፈረንሳይ ጄኔራል ነው። ቃሉ ሻካራ ነበር። ነጥቡ ግን ልክ ስለሆነ፣ አዳነ ያልኩትን በፈረንሳዮቹ ድጋፍ አዳነ ብዬ አርሜዋለሁ።

መልስ 20። የለንደኑ ወንድማችን ተመለሰና በመልስ 1 የጀመረውን ጨረሰ። ይህን በዝርዝር ላስቀምጠው፤ ለጥያቄዬ ከሁሉ የቀረበው መልስ እሱ ነውና። ለ ካቶ በተዋጉ ማግስት፣ ኦገስት 27፣ ከሁለት ሻለቃ የተረፉ ወታደሮች ሳን ኮንታን ከተማ ደርሰው አደባባይና ባቡር ጣቢያው ውስጥ ወደቁ። አይነሡም። ከንቲባው ከተማዋ በመድፍ እንዳትደበደብ ፈርቶ ለመነ። ኤልኪንግተንና ሜንዋሪንግ የተባሉት ሁለቱ ኮሎኔሎች ጀርመኖች ሲመጡ እጅ ለመስጠት ወረቀት ላይ ፈረሙ። ደጀን ሆኖ የቀረው የድራጉን ጋርዱ ሻለቃ ቶም ብሪጅስ ደርሶ ወረቀቱን ወሰደ። ሰዎቹ ግን ቁጣም ልመናም አላነሣቸው አለ። አንድ የመጫወቻ ሱቅ አየና የልጅ ከበሮና የቆርቆሮ ዋሽንት ገዝቶ፣ ከጥሩምባ ነፊው ጋር እየመታና እየነፋ አደባባዩን ይዞር ጀመር። አንድ በአንድ ተነሡ፤ ተሰለፉ፤ በሌሊት ተከትለውት ወጡ።

ሁለቱ ኮሎኔሎች በጦር ፍርድ ቤት ከሠራዊቱ ተባረሩ። ኤልኪንግተን ስሙን ይዞ ቤቱ አልተቀመጠም። ዕድሜው ገፍቶ ሳለ ተራ ወታደር ሆኖ በፈረንሳይ የውጭ አገር ሌጌዎን ተቀጠረ፤ በ1915 እግሩ ክፉኛ ቆሰለ፤ ንጉሡም ማዕረጉን መለሱለት። ወንድማችን እዚህ ላይ የጻፈው ሐሳብ ልቤ ገብቷል፦ በርትሪ ላይ ስሚዝ-ዶሪየን ሂዱ ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ሳን ኮንታን የሆነው ነገር ያኔውኑ በየመንገዱ ይሆን ነበር፤ ለሁሉም የሚሆን ከበሮ ደግሞ የለም።

መልስ 21። ሻለቃ በመጨረሻ የጄኔራሉን ዕጣ ነገሩን። ፍሬንች በሴፕቴምበር 1914 ሪፖርቱ የለ ካቶውን ውሳኔ አመስግኖ ጻፈ፤ በ1915 ከአዛዥነት አነሣው፤ በ1919 በመጽሐፉ ያንኑ ውሳኔ አጥብቆ ነቀፈ። አንድ ሰው ስለ አንድ ሌሊት ሁለት ምስክርነት ከሰጠ የመጀመሪያውን ነው የምቀበለው አሉ። የሞንስና የለ ካቶ ሰዎችስ? ብዙዎቹ የኦክቶበሩንና የኖቬምበሩን የኢፕር (ቤልጂየም) ውጊያ አልተሻገሩም። እዚያ ብቻ 58,000 ያህል የእንግሊዝና የህንድ ወታደር ተጎድቷል። ኦክቶበር 31 ኽሉቬልት ላይ መስመሩ ተሰብሮ የዉስተርሻየር ሻለቃ በመልሶ ማጥቃት ዘጋው። በዚያው ቀን ሆለቤክ ላይ የ129ኛው ባሉቺ ወታደር ኩዳዳድ ካን ጓዶቹ ሁሉ አልቀው ብቻውን በመትረየስ ሲዋጋ ቆይቶ፣ ሞቷል ተብሎ ከተተወበት በሌሊት እየተሳበ ተመለሰ፤ የቪክቶሪያ መስቀል ያገኘ የመጀመሪያው የህንድ ጦር ተወላጅ እሱ ነው።

መልስ 22። መምህርቷ ተመለሰች። ወንድሟ ከዓመታት በፊት ዘምቶ አልተመለሰም፤ መርዶም አልመጣም። እናታቸው እስክታርፍ ድረስ ድንኳን አልተተከለለትም፤ ራቱም አልቆመም፤ ማታ ማታ ይቀመጥለት ነበር። የፓር እናት ደብዳቤ እየጻፈች መልስ ማጣቷን ካነበበች በኋላ እንቅልፍ እንዳልወሰዳት ጻፈች። ከዚያ አንድ ነገር ለመነችኝ፤ የፓርን ድንጋይ ፎቶ እንድልክላት።

በሳምንቱ እሑድ ደግሜ ሄድኩ። ዝናብ ነበር። ድንጋዩን በመሐረቤ ጠረግኩና ስሙም ዕድሜውም በደንብ እንዲነበብ ከቅርብ አነሣሁት፤ ከዚያ ኤሊሰንም አብሮ እንዲገባ ወደ ኋላ ራቅ ብዬ ደገምኩ። ሁለቱንም ልኬላታለሁ።